በሰባት ዓመት ልጅ ላይ ለሰፈሩት ክቡር የማንቼ (የማንችስተር ዩናይትድ) ፍቅር

ጉዳዩ፦ ቤታችንን እንዲለቁልን ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

ጤናዎን አንጠይቅም፤ በየሳምንቱ እየተሸነፉ ከሁላችን በላይ ጤነኛ እርስዎ ነዎት። መጠየቅ የምንፈልገው በምን በኩል እንደገቡ ነው። አሰልጣኙ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ2013 20ኛውን የሊግ ዋንጫ አንስተው ጡረታ ሲወጡ ይህ ልጅ ገና አልተወለደም ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡትን አሰልጣኞች ግን ሞየስ፣ ቫን ሃል፣ ሞሪንሆ፣ ሶልሻየር፣ ራኚክ፣ ቴን ሃግ፣ አሞሪም እያለ ያለ ስህተት ይወርድልዎታል። የሰባትን ብዜት ጠይቁት፤ ሰባት ሁለቴ ላይ ውሃ ይጠማዋል።

የጥፋቱ መነሻ ብዙ ጊዜ አጎት ነው። አጎት ከመርካቶ ቀይ ማልያ ይዞ ይመጣል፤ «ያድግበታል» ብሎ ሁለት ቁጥር አስበልጦ ስለሚገዛ እርስዎም አብረው የሦስት ዓመት ውል ይፈርማሉ። ጀርባው ላይ ራሽፎርድ ያስጽፍበታል። ራሽፎርድ እ.ኤ.አ. በ2025 በውሰት መጀመሪያ አስቶን ቪላ፣ ቀጥሎ ባርሴሎና ሄደ፤ ማልያው ግን እኛው ቤት ቀረ። (አጎቶች ሆይ፣ ማስጻፍ ግድ ከሆነ የልጁን ስም አስጽፉ፤ እሱን ማንም አያዛውረውም።)

አጠባው ደግሞ ለብቻው ሙያ ነው። ቀዩ ቀለም ስለሚለቅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት እጥበቶች ከሌላ ልብስ ጋር አይቀላቀልም፤ ከተቀላቀለ ሰኞ ጠዋት ነጩ የተማሪ ቤት ሸሚዝ ሮዝ ሆኖ ይጠብቃል። የቁጥሩ ሙጫ ሙቀት አይወድም። በፈላ ውሃ የተዘፈዘፈ ወይም ካውያ በቀጥታ ያረፈበት እንደሆነ ፊደሉ ተሰነጣጥቆ ይላጣል፣ ከዚያ ለቅሶ ነው። ገልብጦ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ አሽቶ፣ ሳይጠመዝዙ ጥላ ላይ ማስጣት። ተስፋ ቆርጠን በረኪና ያሰብንም አለን። በረኪና ቀለሙን ያስለቅቃል፤ እርስዎን አያስለቅቅም።

ሰዓትዎም አይመችም። እንግሊዞቹ በራሳቸው ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሚጀምሩት ጨዋታ በክረምታቸው ለእኛ 12 ሰዓት፣ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 11 ሰዓት ነው፤ ይሄ ይቻላል። በሥራ ቀን የሚደረገው ግን ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ይጀምራል። «እረፍት ላይ ትተኛለህ» የሚለው ስምምነት የሚሠራው ቡድኑ እየመራ ከሆነ ብቻ ነው፤ ማለትም አይሠራም። የቢልባኦውን የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ያስታውሱ፦ እ.ኤ.አ. ግንቦት 21 ቀን 2025፣ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት። ጆንሰን በ42ኛው ደቂቃ ለቶተንሃም አገባ፣ እረፍት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው። ከዚያ በኋላ ያን ልጅ ማን ያስተኛዋል? 1 ለ 0 አለቀ፣ ሐሙስ ደግሞ ትምህርት አለ። ያሸነፈው ቡድን ሊጉን የጨረሰው 17ኛ ሆኖ ነው። የእርስዎዎቹ ከ38 ጨዋታ 18ቱን ተሸንፈው፣ በ42 ነጥብ 15ኛ። ሰንጠረዡን ለልጁ ብናሳየው «ከታች ሲቆጠር ስድስተኛ ነን» አለ።

ያልሞከርነው መድኃኒት የለም። የተቀናቃኙን የማንችስተር ሲቲን ማልያ በስጦታ መግዛት፦ የአሻንጉሊት ብርድ ልብስ ሆነ። ውጤቱን መደበቅ፦ የጎረቤት የአርሴናል ደጋፊ ልጅ ጠዋት በር አንኳክቶ ያበስራል፤ የእሱ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2025 ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ መውጣቱን ማን ይንገረው! ሽንፈት ይገድልዎታል ብለንም ጠብቀን ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 አራተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወተው ግሪምስቢ 2 ለ 2 ወጥቶ በፍጹም ቅጣት ምት 12 ለ 11 ጣላችሁ። እኩለ ሌሊት ላይ «ጨረስን» አልን። ጠዋት ልጁ ማልያውን ለብሶ ቁርስ ቀረበ።

ኋላ ነው የገባን። እርስዎን የሚያኖርዎት ሽንፈቱ አይደለም፣ አልፎ አልፎ ጣል የምታደርጓት ድል ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሲቲን 2 ለ 1 አሸነፋችሁ፤ ያገቡት ጋርናቾና ማይኑ ሁለቱም የ19 ዓመት ልጆች ነበሩ። መቀነስ አልገባው ብሎ ያስቸገረን ልጅ ከ19 ላይ ዕድሜውን ቀንሶ ስንት ዓመት እንደቀረው ወዲያው ነገረን። አንድ ቅዳሜ ለስንት ዓመት ስንቅ ሆነ!

ስለዚህ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለቁ፣ ካልሆነም የሥራ ቀን ጨዋታዎችን ሁሉ በጊዜ ተሸንፈው እንዲጨርሱ እንጠይቃለን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
ማልያ አጣቢ እናቶች

ግልባጭ፦
ለአጎት (አዲሱን ማልያ እንዳይገዛ)
ለጎረቤቱ የአርሴናል ደጋፊ (ከ3 ሰዓት በፊት በር እንዳያንኳኳ)
ለአባት (አይላክ፤ እሱም ያው ነው)