ስሌት የጠየቀው ጥቅሱ ራሱ ነው

ባለፈው እሑድ ስታዲየም አካባቢ አዳራሽ ተከራይታ የምታመልክ አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ የመባው ሒሳብ ይገለጽልን ብለው በጽሑፍ የጠየቁ ሁለት ወጣቶችን ከአገልግሎት ማገዷን ከመድረክ አስታወቀች። ፓስተሩ ዕብራውያን 13፥17ን ካነበቡ በኋላ፣ መሪን ሒሳብ መጠየቅ የተቀባውን መዳሰስ እንደሆነ አስተማሩ። ይህን የሰማሁት ከፊቴ የተቀመጡት እንጀራ ሻጭ እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው፣ የተጣጠፈ መቶ ብር አውጥተው በፖስታ ሲያሽጉ እያየሁ ነው።

«የቀባኋቸውን አትዳስሱ» ከተባለው ልጀምር፤ ከቀረበው ክርክር ሁሉ ደካማው እርሱ ነውና። ቃሉ የሚገኝበት መዝሙር 105 የሚናገረው ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ነው። በቁጥር ጥቂት የነበሩት እነዚህ እንግዶች ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ሲንከራተቱ፣ እግዚአብሔር ስለ እነርሱ ነገሥታትን ገሠጸ ይላል። ጥበቃ የተደረገለት ርስት የሌለው መንገደኛ ነው፤ የተገሠጸው ሥልጣን የያዘው ነው። ይህን ቃል ገልብጦ መድረክና ገንዘብ በእጁ ላለ ሰው ጋሻ፣ ለምእመን ደግሞ አፍ ማስያዣ ማድረግ ቃሉን መድፈር ነው። ዳዊትም ቢሆን የተቀባውን ንጉሥ ሳኦልን አልገደለውም እንጂ ዝም አላለውም፤ የቈረጠውን የልብሱን ጫፍ ይዞ ከዋሻው ወጣና «እግዚአብሔር በእኔና በአንተ መካከል ይፍረድ» ሲል ፊት ለፊት ተናገረው።

የታዘዝነውን መታዘዝ አልክድም። ነገር ግን «ለዋኖቻችሁ ታዘዙና ተገዙ» የሚለው ያው የዕብራውያን ቁጥር፣ ዋኖቹ፣ ማለትም መሪዎቹ፣ የሚተጉት «ስሌትን እንደሚሰጡ አድርገው» ነው ይላል። ስሌቱ ለእግዚአብሔር ነው የሚል ካለ፣ እውነት ነው፤ ጳውሎስ ግን በዚያ አላበቃም። ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲሄድ አደረገ፤ ምክንያቱንም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 ላይ ሲገልጽ፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እናስባለን አለ። በደማስቆ መንገድ ጌታ የተገለጠለት ሐዋርያ ሰው እንዳይነቅፈው ከተጠነቀቀ፣ የእኛ ፓስተሮች በምን ብልጫቸው ነው ከጥያቄ የሚያመልጡት? ከዚያው ከዕብራውያን ጥቅስ ዐሥር ቁጥር ወደ ኋላ ብንመለስ ደግሞ «የኑሮአቸውንም ፍሬ እየተመለከታችሁ» ምሰሉአቸው ተብለናል። እንዳይመለከት የተከለከለ ሰው ምኑን አይቶ ይመስላል?

በሽማግሌ ላይ ክስ የሚሰማው በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነው የሚለውን የጢሞቴዎስ መልእክትም ለእገዳው ድጋፍ አድርገው ጠቅሰውታል። ክስ አቀራረቡ ከተደነገገ፣ መክሰስ ራሱ ዐመፅ አይደለም ማለት ነው። ወጣቶቹ ደግሞ ሁለት ነበሩ፤ የከሰሱትም ሰው የለም፤ ጠየቁ እንጂ። በአንጾኪያ ኬፋን፣ ማለትም ጴጥሮስን፣ ፊት ለፊት የተቃወመውን ጳውሎስን ማን ከአገልግሎት አገደው?

እገዳው በሚቀጥለው እሑድ፣ በታወጀበት በዚያው መድረክ ይነሣ። የዓመቱ ገቢና ወጪም በግልጽ አማርኛ ተጽፎ፣ እኚያ እናት ሲገቡ በሚያዩት በአዳራሹ በር ላይ ይለጠፍ።