የአንጎል ካርታው በር እንዳይዘጋ

አንድ ሰው ማታ 4 ሰዓት ላይ ደህና ተኛ እንበል። ንጋት 12 ሰዓት ሲነቃ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ይለዋል፣ አፉም ይተሳሰራል። ስትሮኩ፣ ማለትም የረጋ ደም የአንጎሉን ደም ሥር የዘጋው፣ መቼ ጀመረ? ማንም አያውቅም። ሐኪም የሚቆጥረው ሰውየው ደህና ሆኖ ከታየበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ 8 ሰዓት አልፎታል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የተለመደው ገደብ ደግሞ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ድሮ ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ።

ይህን የሰበረው የአንጎል የደም ፍሰት ምስል ነው። በደም ሥር ልዩ ፈሳሽ ይሰጥና ሲቲ ስካኑ ፈሳሹ አንጎል ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ደጋግሞ ያነሳል። ከዚያ የሚወጣው የአንጎል ካርታ ነው። ፈሳሹ ከ6 ሰከንድ በላይ የዘገየበት ቦታ ደም ተጠምቷል፣ ግን ሊተርፍ ይችላል። ፍሰቱ ከጤናማው ጎን ከ30 በመቶ በታች የወረደበት ደግሞ ሞቷል ተብሎ ይገመታል። «ይገመታል» የምትለዋን ያዙልኝ።

በ2018 የታተመው ዲፊውዝ 3 የተባለ ጥናት ከ6 እስከ 16 ሰዓት የቆዩ ሕሙማንን በዚህ ካርታ መረጠ። የሞተው ክፍል 70 ሚሊ ሊትር ከደረሰ አይገቡም። ከ3 ወር በኋላ፣ የረጋው ደም በቀጭን ቱቦ ከወጣላቸው 45 በመቶው ራሳቸውን ቻሉ፤ ካልወጣላቸው 17 በመቶው ብቻ። ይህ የታየው በ182 ሰው ነው! ለተመራማሪ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ለጥናት የተሠራው ወንፊት ሆስፒታል ገብቶ በር ጠባቂ ሆነ። ካርታው ከሕክምናው ማን እንደሚጠቀም አሳየ እንጂ ሌላው አይጠቀምም አላለም። በ2023 የወጣው ሴሌክት 2 የተባለ ጥናት ሰፊ ጉዳት ያለባቸውን አስገብቶ ሲያይ፣ የረጋው ደም ከወጣላቸው 20 በመቶው ራሳቸውን ቻሉ፤ ካልወጣላቸው 7 በመቶው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በድሮው ወንፊት ቢሆን ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ደጅ ነበር የሚቀሩት። ደግሞም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካርታው «ሞተ» ያለው ክፍል ደሙ ሲመለስለት አንዳንዴ ነፍስ ይዘራል።

እኔ ብሆን ቀጣዩን ጥናት እንዲህ አደርገዋለሁ፦ ምስሉ ይነሳ፣ ግን ማንንም አያስቀር። ሕሙማኑ በዕጣ ይመደቡ። ካርታው ያለው ትክክል መሆኑ በስተመጨረሻ ይታይ። በ2013 ኤምአር ሬስኪው የተባለ ጥናት ተቀራራቢ ነገር ሞክሮ ካርታው ተጠቃሚውን መለየት አልቻለም። ያኔ የረጋውን ደም የሚያወጡት መሣሪያዎች ደካማ ነበሩ። ዛሬ ያ ሰበብ የለም።