የሠፈራችን ሰው የት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ?

ከዋሽንግተን ሁለት ሰዓት ገደማ ነድተን ዊልሚንግተን ሄድን። የአሜሪካዊው ሠዓሊ የጆን ስሎን ሥራዎች በብዛት ያሉት እዚያ፣ ዴላዌር የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። አብሮኝ የሄደው ወዳጄ አንዱን ኅትመት (ከተቀረጸ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል) አየና «ይሄ ደግሞ ምኑ ይሳላል?» አለ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሥዕሉ የ1905 (እ.ኤ.አ.) ነው። አንዲት የኒውዮርክ ሴት በውስጥ ልብሷ ተቀምጣ ጋዜጣ ታነባለች። የሚታጠበው ልብስ ገንዳው ውስጥ እንዳለ ነው። ልጇ አልጋ ላይ ከድመት ጋር ይጫወታል። ሌላው ደግሞ በሙቀት ሌሊት ጣሪያ ላይ ፍራሽ አንጥፈው የተኙ ጎረቤታሞች ናቸው። ስሎን ሰም በተቀባ መዳብ ላይ በመርፌ እየጫረ፣ መስመሩን በአሲድ እያስበላ ያተማቸው ናቸው። በ1906 (እ.ኤ.አ.) ለኤግዚቢሽን አሥር ቢልክ አራቱን «ብልግና ነው» ብለው መለሱለት። የደሃ ገበና ታየ ነው ነገሩ።

እኛስ? ሳሎናችን ውስጥ ላሊበላ አለ፣ ፋሲል ግንብ አለ። እወዳቸዋለሁ። ግን የታክሲ ረዳቱ የት አለ? የቀን ሠራተኛው የት አለ? እዚሁ ዋሽንግተን ሌሊቱን ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ የሚያድረው ወንድማችንስ? እናቱ የምታየው ፎቶ የሰው መኪና ተደግፎ የተነሳውን ነው። ሥራውን ግን አንድም ቀን አላየችለትም። ይሄ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም።

ሙያው ደግሞ አገራችን አለ። ሃንሰን ባሂያ የሚባል ጀርመናዊ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንጨት ቀርጾ ማተም አስተምሯል። ታደሰ መስፍን የጉልት እናቶችን በቀለም ሥሏቸዋል፤ እጁ ይባረክ። ሸራ ግን አንድ ነው፣ አንድ ሀብታም ቤት ይገባል። ኅትመት ከአንድ ሰሌዳ ብዙ ይወጣል። የጉልቷ ሴት ራሷ ገዝታ ቤቷ ልትሰቅለው ትችላለች።

የአዲስ አበባው ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም.። ሻይ ቤቱ፣ ሊስትሮው፣ የግቢው የጋራ ቧንቧ ሁሉ አብሮ ሄደ። ከመፍረሱ በፊት እንጨት ላይ የቀረጸው ሰው ካለ አገናኙኝ። ሁለት እገዛለሁ፤ አንዱ ለዚያ ወዳጄ ነው።