ወንበሩን ተረከቡት፣ ኔትወርኩን ግን ማንም አልተረከበውም

ክረምት ሲገባ የባሕር ዳር መብረቅ አይጣል ነው። ባለፈው ሐምሌ ፋሲሎ አካባቢ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ራውተሩ ተቃጠለና ጠሩኝ። ኃላፊው ብዙም አልደነገጡም። «ባክአፕ አለን» ብለው የሴቲንጉ መጠባበቂያ ቅጂ ያለበትን ፍላሽ ከመሳቢያ አወጡ።

ፋይሉ በእርግጥም ነበር። የተቃጠለው ማይክሮቲክ የሚባል የራውተር ዓይነት ነው። አዲሱም ማይክሮቲክ ነው፣ ሞዴሉ ግን ሌላ። የማይክሮቲክ ባክአፕ ፋይል ደግሞ ለዚያው ዕቃ ታስቦ የሚወጣ ነው፤ ሌላ ሞዴል ላይ ሲጫን አያስተማምንም። ከፍተን እንዳናነበው ጽሑፍ አይደለም። «ኤክስፖርት» የሚባለው ትዕዛዝ ሴቲንጉን መስመር በመስመር በሚነበብ ጽሑፍ ያወጣ ነበር። ያንን ያሰበበት ሰው አልነበረም።

እንደ አዲስ ጀመርን። የፋይናንስ ፕሪንተር ለምን ቋሚ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ተሰጠው? ኮምፒውተሮቹን ከሚያገናኘው ስዊች የሚወጣው ሰማያዊ ገመድ የት ይሄዳል? የሚያውቅ የለም። ሁሉን የዘረጋው ልጅ ከወራት በፊት ለቆ አዲስ አበባ ገብቷል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወልንለት። ታክሲ ውስጥ ሆኖ፣ እየተቆራረጠ፣ የሚያስታውሰውን ነገረን። እኔም በአቴንዳንስ ወረቀት ጀርባ ጻፍኩት። ስልኩን ባያነሣስ ኖሮ?

ባክአፕ ይቅር እያልኩ አይደለም። ዳታ ከጠፋ የሥራ መመዝገቢያ ደብተር አይመልሰውም። ግን ባክአፕ ያለውን እንዳለ ይይዛል እንጂ ለምን እንደዚያ እንደተደረገ አይናገርም። ስህተት ካለም ስህተቱን አብሮ ይገለብጣል። ተሞክሮ ካልታየ ደግሞ መኖሩንም ማመን ይከብዳል። የፕሮግራመሮችን ኮድ የሚያስቀምጠው ጊትላብ የተባለ ድርጅት በጥር 2009 ዓ.ም. ዳታቤዙ በስህተት ሲሰረዝበት፣ በየቀኑ ይወጣል የተባለው ባክአፕ የለም። ዳታቤዙ ስሪት 9.6፣ ባክአፕ የሚያወጣው ፕሮግራም 9.2 ነበር፤ ስላልተግባቡ በየቀኑ ይከሽፍ ነበር፣ ማንም አላወቀም። የተረፉት አንድ ባለሙያ 6 ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ በእጁ ባወጣው ቅጂ ነው። በዓለም የታወቀ ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ የእኛ መሳቢያ ውስጥ ያለው ፍላሽ ምን ያህል ይታመናል?

ልጁን አልወቅሰውም። ሲለቅ ክሊራንስ አዙሯል። ወንበር፣ ቁልፍ፣ ላፕቶፕ፣ አንድ ስቴፕለር ሳይቀር ተጠይቋል። ከየክፍሉ ፊርማ ለቅሟል። ስለ ኔትወርኩ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አንድ ደብተር ይበቃል። ቀኑ፣ የተቀየረው ነገር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምክንያቱ ይጻፍበት። ፓስወርድ አይጻፍበት፤ እሱ በፖስታ ታሽጎ ካዝና ይግባ። ከዚያ ሥራውን የማያውቅ ሌላ ባለሙያ ደብተሩን ብቻ ይዞ አንድ ራውተር ያስተካክል። ካቃተው ደብተሩ ጎድሏል ማለት ነው።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ፕሪንተሩ ማተም ጀመረ። ጠዋት ኃላፊውን የክሊራንስ ቅጹን ለመንኳቸው። ከወንበሩ መስመር ሥር ይህን ጻፍኩበት፦ «የኔትወርክ ደብተር፤ ተረካቢው አንብቦ ሠርቶበታል፤ ፊርማ።»