ማስተካከያ፦ ቴምብሩ ላይ ያለው ኒያላ ነው እንጂ ዋልያ አይደለም

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ በቴምብር ሰብሳቢዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር በነበረው ዝርዝር፣ ባለ ኒያላው ቴምብር “ዋልያ” ተብሎ ተመዝግቧል። ትክክሉ ኒያላ ነው።

ቀንዱን ልብ ብላችሁ እዩት። የወንዱ ዋልያ ቀንድ ወፍራም ነው፤ እንደ ማጭድ ወደ ኋላ ይቆለመማል፣ ከፊት በኩልም ጉብ ጉብ ይላል። ጢምም አለው። የኒያላው ግን እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል። ጎኑ ላይ ደግሞ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉት።

አገራቸውም ለየቅል ነው። ዋልያ ከጣና በስተሰሜን፣ በስሜን ተራሮች ብቻ ይኖራል። ኒያላ (የደጋው ኒያላ) በዋናነት የባሌና የአርሲ ደጋ እንስሳ ነው። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኙም፤ ስማቸው ሲቀላቀል ዝም ማለት ይከብዳል። ቀይ ቀበሮ ግን ስሜንም ባሌም አለ፤ በዝርዝሩ ላይ የእሱ ቴምብር ምዝገባ ትክክል ነው።

ዝርዝሩ እጃችሁ የገባ፣ እባካችሁ ስሙን አርሙት፤ ላካፈላችኋቸውም ንገሩ።