በሩ ሲከፈት የሚደወለው ስልክ በጀት ይያዝለት

በፈረንጆቹ 1993 ዲሴምበር 6 ኬንታኪ ሉዊቪል ውስጥ ሜሪ ባይረን የምትባል ልጅ 21 ዓመት በሞላት ቀን ከስራ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ እያለች የድሮ ቦይፍሬንዷ ተኩሶ ገደላት። ሰውዬው እሷን ደፍረሃል ተብሎ ታስሮ ነበር፣ ቤተሰቦቿም ሲለቀቅ ንገሩን ብለው ነበር፣ ግን በዋስ ሲወጣ የነገራቸው የለም። የጎደለው አንድ ስልክ ነው፣ አንድ ስልክ!

በዓመቱ እዛው ካውንቲ ቫይን የሚባለው ሲስተም ተጀመረ፣ እስረኛው ሲፈታ የተመዘገበው ሰው ጋ በራሱ ይደውላል፣ ሰውዬው የሚስጥር (ፒን) ቁጥሩን እስኪያስገባ ድረስ ደጋግሞ። አሁን አብዛኛው የአሜሪካ ስቴት አለው። በፌዴራል ክስም ተከሳሹ ሲለቀቅ ወይ ሲያመልጥ ተበዳይ በጊዜው እንዲነገረው በ2004 ሕግ ወጥቷል።

እኔን የሚያንገበግበኝ የገንዘቡ ነገር ነው። አንዳንዱ ስቴት ከራሱ ይከፍላል፣ ሌላው ግራንት፣ ማለትም የድጋፍ ገንዘብ፣ ይጠብቃል። ለተበዳዮች አገልግሎት ትልቁ የፌዴራል ምንጭ በ1984 የተቋቋመው ፈንድ ሲሆን እሱም ከግብር ሳይሆን ከወንጀል ቅጣት ነው የሚሞላው፣ አጥፊው ይክፈል ነው ነገሩ፣ ደስ ይላል፣ ግን ትልልቅ ካምፓኒዎች ክሱን በስምምነት ሲጨርሱ ብሩ ወደ ፈንዱ ስለማይገባ እየሳሳ መጣና በ2021 ኮንግረስ ሕጉን አሻሻለው። ቢሻሻልም ያው ቅጣት ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ዘንድሮ ሞላ ከርሞ ጎደለ።

አንዲት የማውቃት ሴት ጠዋት ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት ከማድረሷ በፊት እስር ቤቱ ጋ ትደውል ነበር፣ ቁጥሩን በቃሏ ነው የምታውቀው፣ «አሁንም እዛው ነው?» ትላለች፣ አዎ ሲሏት ነው የልጇን ጫማ የምታስረው። ይሄን ስራ እሷ መስራት አልነበረባትም።

ማሽን ብቻውንም አይበቃም፣ እስር ቤት ያለው ሰራተኛ መፈታቱን ዘግይቶ ካስገባ ስልኩም ዘግይቶ ነው የሚደውለው። ሌሊት 9 ሰዓት ተቀስቅሳ «ተፈቷል» የተባለች ሴት ደግሞ አሁን ምን ላድርግ ብትል በቋንቋዋ የሚመልስላት ሰው ያስፈልጋታል፣ ሰው ደግሞ ደሞዝ ይፈልጋል።

የጠባቂው ደሞዝና የእስር ቤቱ መብራት በየዓመቱ በጀት ይያዝላቸዋል፣ ግራንት አይጠበቅም። ስልኩም እዛው ዝርዝር ላይ ይግባ።