ጋራዥ ውስጥ የተቆለፈች ስፖርት መኪና ቁጠባ አይደለችም

ቶዮታ የጂአር ሱፕራ ምርት ማብቃቱን ካስታወቀ፣ ፖርሸም የቤንዚን ሞተር ያላትን ስፖርት መኪናውን 718 ማምረት ካቆመ ወዲህ አንድ ምክር በየመኪና መሸጫውና በየዩቲዩቡ እየተናፈሰ ነው። ምክሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ በ30 ሺህ ዶላር አካባቢ ባለማንዋል ካምቢዮ ቶዮታ ጂአር86 ወይም ማዝዳ ሚያታ ግዙ፣ ማይል ሳታስቆጥሩ ጋራዥ አስገቡ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የልጆቻችሁን የኮሌጅ ክፍያ ትሸፍናለች። ገንዘብ የተረፈው ሰው ይህን ሰምቶ ቢከስር ይቋቋመዋል። ሌሊት ታክሲ እየነዳ ጥሪት የቋጠረን ሰው ግን «ቁጠባህን ጎማ ላይ አቁመው» ማለት ሰውን መጉዳት ነው፤ ዝም ሊባልም አይገባም።

ከሁሉ የሚያናድደው የአውሮፓው ክርክር ነው። ጂአር86 አውሮፓ ውስጥ ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ተሸጣ ቆመች፤ ስለዚህ ብርቅ ትሆናለች ይላሉ። መኪናዋ ከአውሮፓ ገበያ የወጣችው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የደኅንነት ደንብ የሚጠይቃቸውን የአሽከርካሪ መርጃ መሣሪያዎች ስላላሟላች ነው። ፋብሪካው ግን አልተዘጋም። ያቺው መኪና በአሜሪካና በጃፓን በአዲስነቷ ስትሸጥ ቆይታለች። ሙኒክ ውስጥ መጥፋቷ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ያለችውን በምን ተአምር ያስወድዳታል? የአሜሪካ ገዢ የሚከፍለው አሜሪካ ውስጥ ስንት አሉ በሚለው ልክ ነው፤ እዚህ ደግሞ ሞልተዋል።

«ጥቂት ስለተሠራ ይወደዳል» የሚለው እምነት ራሱ ድሮ ተፈትኖ የወደቀ ነው። ሸቭሮሌ እ.ኤ.አ. በ1978 ለኢንዲያናፖሊስ የመኪና ውድድር መታሰቢያ 6,502 ኮርቬቶችን ሠራ፤ የአንዷ ዋጋ 13,653 ዶላር ነበር። ሕዝቡ ተሻማ፤ ከተጻፈው ዋጋ በላይ እየከፈለ ገዛ፤ የወንበሩን ላስቲክ እንኳ ሳይገፍ ጋራዥ ቆለፈባቸው። ሁሉም ያስቀመጠው ነገር ደግሞ ለማንም ብርቅ አይሆንም። ያኔ የተከፈለው ገንዘብ በዛሬው ስሌት ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ከእነዚያ መኪኖች አብዛኞቹ ዛሬ ጨረታ ላይ ሲወጡ የዚያን ግማሽ ማግኘት ይቸግራቸዋል።

መካሪዎቹ ይህን ሲሰሙ የሆንዳን ስፖርት መኪና፣ አኩራ ኢንቴግራ ታይፕ አርን፣ ይጠራሉ። እውነት ነው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ በ24 ሺህ ዶላር ገደማ የተሸጠች መኪና ነች፤ ጥቂት የተነዱት በጨረታ 100 ሺህ አልፈዋል። ግን ለምን አለፉ? በዚያን ጊዜ ማንም ቆልፎ ስላላስቀመጣቸው ነው! ወጣት ገዛቸው፣ ተወዳደረባቸው፣ ገጫቸው። ሌባ ደግሞ በደቂቃ እስከ 8,400 ዙር ለሚዞረው ሞተራቸው ሲል መኪናውን እየሰረቀ አራቆታቸው። አሜሪካ ውስጥ ከተሸጡት 4 ሺህ ገደማ መኪኖች ያልተነካ ማግኘት የከበደው በዚህ ምክንያት ነው። የቶዮታ ኤኢ86 ኮሮላም ታሪክ ያው ነው። ከ1983 እስከ 1987 የተሠራች ርካሽ የቤተሰብ መኪና ነበረች፤ ዝገትና ድሪፍት (እያንሸራተቱ መንዳት) ፈጇት፤ የቀሩት ተወደዱ። የዛሬው ምክር ደግሞ ሁሉም ሰው እንዲያስቀምጥ ነው። ያቺን ኢንቴግራ ያስወደዳትን ምክንያት ራሱን ያጠፋል፤ መካሪዎቹ ይህን አለማየታቸው ይገርመኛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ማንም ሊያነሣው የማይፈልገው የኮምፒዩተሩ ጉዳይ አለ።

የ1990ዎቹ የጃፓን መኪና ኮምፒዩተር ሲታመም በሽታው ይታወቃል። ሚትሱቢሺ ኤክሊፕስ በዚህ ስሟ የተነሣ ነው፦ ቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ዕቃዎች) አርጅተው ፈሳሻቸው ይወጣል፣ የመዳብ መስመሩን ይበላል፣ ሞተሩ ይንገጫገጫል ወይም ጭራሽ አይነሣም። መበየጃ ያለው የሬዲዮ ጠጋኝ ሣጥኑን ይከፍታል፣ ቦርዱን በአልኮል ያጸዳል፣ በጥቂት ዶላር የሚገዙ ካፓሲተሮችን ይቀይራል፣ የተበላውን መስመር በቀጭን ሽቦ ያገናኛል። መኪናዋ ትነሣለች። ከሠላሳ ዓመት በኋላም ሙሉ ጤናዋን የምታገኘው ሰው ሊከፍተውና ሊያየው በሚችለው ነገር ስለተሠራች ነው።

የዛሬዋ መኪና እንደዚያ አይደለችም። የሞተሩ ኮምፒዩተር፣ የኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ፍሬን)፣ የኤሌክትሪክ መሪው፣ የቁልፉ፣ የኤርባጉና የዳሽቦርዱ ስክሪን በአንድ መረብ ያወራሉ፤ ብዙዎቹም የመኪናዋን የሻንሲ ቁጥር በውስጣቸው ይዘዋል። ከተገጨች መኪና ነቅለህ ብትገጥም ቁጥሩ አይገጥምምና ሥራ ይከለክላል፣ ወይም ዳሽቦርዱን በቀይና በቢጫ መብራት ይሞላዋል። ለማስማማት የአምራቹ ሶፍትዌር፣ የፈቃድ አካውንት፣ የሚመልስ ሰርቨር ያስፈልጋል። ያ ሰርቨር በ2046 እንደሚሠራ የሚምል ማን ነው? በ2022 የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች 3ጂን ሲዘጉ ምን እንደሆነ ታይቷል፤ ገና አሥር ዓመት ያልሞላቸው ብዙ መኪኖች በአደጋ ጊዜ ራሱ የሚደውለውን አገልግሎት በአንድ ቀን አጡ። ባለቤቱ ምንም አላጠፋም፤ መኪናውም አልተበላሸችም። ውጭ ያለው ነገር ስለተዘጋ ብቻ ውስጥ ያለው ሞተ።

ከ2024 ሞዴል ጀምሮ ባለማንዋል ጂአር86 እንኳ ከፊት መስታወቱ ጀርባ ሁለት ካሜራ አላት። መስታወቱ ሲቀየር ካሜራዎቹ በተስተካከለ ወለል ላይ፣ በተለካ ርቀት በቆመ ሰሌዳ ፊት እንደገና መስተካከል አለባቸው። አንዱ ካሜራ ሲሞት ክሩዝ ኮንትሮሉና አደጋ ላይ የሚያቆመው ፍሬን አብረው ይጠፋሉ። ከፊት ያለው የፍጥነትና የሞተር ዙር ማሳያ ደግሞ 7 ኢንች ስክሪን ነው፤ መርፌ የለውም። ስክሪኑ ሲጠቁር ፍጥነትህንም የሞተሩን ዙርም አታይም። ጂአር ሱፕራ ትብሳለች፤ ሞተሯ የቢኤምደብሊው ቢ58 ነው፣ የተገጣጠመችው ኦስትሪያ ግራዝ ውስጥ ነው፣ ኤሌክትሮኒክሷም በአብዛኛው የቢኤምደብሊው ነው። መለዋወጫ ለማግኘት የሁለት ኩባንያ በጎ ፈቃድ መጠበቅ ይኖርባታል።

«ቶዮታ ለድሮ መኪኖቹ ዕቃ እንደገና እየሠራ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ምን እየሠራ እንደሆነ ግን ይታይ። ለኤኢ86 የመሪ ክንዶችን፣ የኋላ ፍሬን ካሊፐሮችን አወጣ፤ የ4ኤ-ጂኢ ሞተር ሞኖብሎክና ቴስታታም እንደሚሠራ አስታወቀ። እነዚህ ሁሉ ብረት ናቸው። ብረት በሥዕሉ ልክ ይቀለጣል፣ ይፈሳል፣ በቶርኖ ይወጣል። ምርቱ የቆመ ቺፕ ግን ሥዕሉ ቢኖርህም አይሠራም፤ የሚያመርተው ፋብሪካ መሣሪያውን ቀይሯል፣ በውስጡ ያለው ፕሮግራምም ቁልፍ አለው። ከገበያ የሚገዛ ሌላ ኮምፒዩተር ይገጠማል የሚሉም አሉ። ይገጠማል። ሞተሩም ይሠራል። ነገር ግን ሰብሳቢ ውድ ገንዘብ የሚከፍለው ከፋብሪካ እንደወጣች ለቆየች መኪና ነው፤ ገመዷ ተቆርጦ ባዕድ ሣጥን የተገጠመላት ከዚያ ዝርዝር ወጣች ማለት ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ 25 ዓመት እስኪሞላት ድረስ የጭስ ምርመራው የመኪናዋ ኮምፒዩተር በሚነበብበት በኦቢዲ ሶኬት ስለሆነ ባዕዱ ሣጥን እዚያም ይጥላታል።

አሁን ማስቀመጡን እንመልከት፤ «ማስቀመጥ» ሲሉት ምንም ሥራ የሌለው ይመስላል። የአሜሪካ ቤንዚን በአብዛኛው 10 በመቶ ኢታኖል አለበት፤ ኢታኖል እርጥበት ይስባል፣ በወራት ውስጥ ነዳጁ ይዳከማል፣ ውሃው ታች ይቀመጥና ፓምፑንና ኢንጀክተሮቹን ያጠቃል። ስለዚህ ከመቆሟ በፊት ታንኩ ይሞላል፣ ማረጋጊያ ይጨመራል፣ ማረጋጊያው እስከ ኢንጀክተሩ እንዲደርስ አሥር ደቂቃ ያህል ትነዳለች። ዘይቱ አዲስ ሆኖ ነው የሚቆመው፤ የተቃጠለ ዘይት አሲድ አለበት፣ ኩሽኔታውን ይበላል። ባትሪው ከ12.4 ቮልት በታች ወርዶ ከከረመ ሳህኖቹ ይበላሻሉ፤ ቆማ እንኳ ማንቂያዋና ኮምፒዩተሮቿ ስለሚመጥጡት ቻርጀር ሁሌም ተሰክቶ መቀመጥ አለበት። ፍሬን ዘይቱ ውሃ ስለሚጠጣ ብትነዳም ባትነዳም በሁለት ዓመት ይቀየራል፤ ካልተቀየረ ካሊፐሩ ከውስጥ ዝጎ ይነክሳል። ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጃል። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ፤ 2322 ማለት በ2022 ዓመት 23ኛ ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፤ አሥር ዓመት ካለፈው አዲስ ቢመስልም አይነዳበትም።

ብዙ ሰው የሚሠራው ትልቁ ጥፋት በየሳምንቱ አስነሥቶ አምስት ደቂቃ ማቆየቱ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ሲጠፋ ከቃጠሎው የሚወጣው ውሃ ዘይቱ ውስጥና ሳይለንሰሩ ውስጥ ይቀራል፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንም ዘይቱን ያቀጥነዋል። ወይ ዘይቱ በደንብ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ መንዳት፣ ወይ ጨርሶ አለመንካት። አይጥ ደግሞ አለ፤ ኮፈኑ ሥር ያለውን ሽቦ አንድ ክረምት ይበቃዋል። ኤርባግም ያረጃል። በአሜሪካ 67 ሚሊዮን ገደማ የታካታ ኩባንያ ኤርባግ ማፈንጃዎች እንዲቀየሩ የተጠሩት በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ ዓመታት ሲቆዩ ባሩዱ ስለሚለወጥ ነው፤ መኪናዋ ባትነዳም ይለወጣል። ከጂአር86 በፊት የነበረችው የመጀመሪያዋ 86 በ2018 ለቫልቭ ሞላ ጥገና ስትጠራ ሥራው ሞተር ማውረድን ይጠይቅ ነበር። ተቆልፋ የከረመች መኪና እንዲህ ያለ ጥሪ ካለፋት ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ገንዘቡን እናስላ። መኪናዋ 31 ሺህ ዶላር። ደረቅ ጋራዥ በወር 150 ዶላር ቢሆን በሃያ ዓመት 36 ሺህ። ኢንሹራንስ በዓመት 500 ቢሆን 10 ሺህ። ሁለትና ሦስት ጊዜ ጎማ፣ አራት ባትሪ፣ በየሁለት ዓመቱ ፍሬን ዘይት፣ በዓመት አንድ የዘይት ቅያሪ፦ በትንሹ 4 ሺህ። እስካሁን 50 ሺህ ዶላር ማስቀመጫ ብቻ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖር ደግሞ በየዓመቱ የመኪና ንብረት ግብር አለበት፤ ፌርፋክስ ከ100 ዶላር ግምት ከ4 ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ መኪናዋ ከተወደደች ግብሯም አብሮ ይወደዳል። በአንጻሩ 31 ሺሁን በዓመት 5 በመቶ በሚያስገኝ ቦታ ቢያስቀምጡት በሃያ ዓመት ወደ 82 ሺህ ይደርሳል። ስለዚህ ቆልፎ ያስቀመጠው ሰው ምንም ሳያተርፍ እኩል ለመውጣት ብቻ ከ130 ሺህ ዶላር በላይ መሸጥ አለበት። ጂአር86! በ130 ሺህ!

የኤስ2000 ልዩ ዓይነት የሆነችው ሆንዳ ኤስ2000 ሲአር ይህን አልፋለች፤ እቀበላለሁ። 699 ብቻ ተሠሩ፣ በ37 ሺህ ዶላር ገደማ ተሸጡ፣ እምብዛም ያልተነዳች አንዷ 200 ሺህ አወጣች። ግን ከ110 ሺህ ገደማ ኤስ2000ዎች መካከል ሲአሯን፣ ከሲአሮቹም ያልተነዳችውን አስቀድሞ መምረጥ ሎተሪ ነው። አገር ቤት ወስጄ እሸጣታለሁ የሚልም አለ፤ የቤንዚን አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መከልከሉን ረስቷል።

ሚያታና ጂአር86 ግሩም መኪኖች ናቸው፤ በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ መሪና እንዲህ ያለ ካምቢዮ የሚሰጥ ሌላ አዲስ መኪና ብዙም የለም። የወደደ ይግዛ፣ ይንዳ። ቁጠባ ናቸው ብሎ የሚሸጥ ግን አንድ ነገር በእጁ ይኑር፦ አምራቹ የካሜራውን፣ የዳሽቦርድ ስክሪኑንና የኤቢኤስ ኮምፒዩተሩን እስከ 2050 እንደሚያቀርብ፣ ካላቀረበም ማስማሚያውን ሶፍትዌር ለማንኛውም ጋራዥ ክፍት እንደሚያደርግ የሚገልጽ ጽሑፍ። ማዝዳ ለመጀመሪያዋ ሚያታ ዕቃ እንደገና እንደሚያቀርብ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ያም ሆኖ ያቺ መኪና አንድም ካሜራ የላትም። ለዛሬዎቹ እንዲህ ያለ ቃል የሰጠ አምራች እስኪመጣ ድረስ የልጆችን የኮሌጅ ገንዘብ በዚህ ላይ ማዋል ሊመከር አይገባም።